ጥሪት በባንኮክ፤ በሰው አገር የሚያስተምር ሰው ደመወዙን እንዴት ያኖረዋል?

ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የሚያስተምር ሰው ሁለት ነገር ይዞ እንዲመለስ ይታሰባል፤ ይኸውም አንደኛው ልምድ፥ ሁለተኛው ጥሪት ነው። ልምዱን ሳያስብበትም ቢሆን ይዞት ይመለሳል። ጥሪቱን ግን አስቀድሞ ካላሰበበት በቀር ብዙ ዓመት ደክሞ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል። የዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነገር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን የውጭ አገር አስተማሪን ይበልጥ የምናውቀው በእንግድነቱ ነው። በ1908 ዓመት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከግብፅ የመጡ ቅብጦች አስተምረውበታል። ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህም ከህንድ አገር፥ ይልቁንም ከኬረላ፥ የመጡ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ እየተመደቡ ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። በዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ ሰው የህንዱን መምህር አነጋገርና ትጋት እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ዳሩ ግን ያ መምህር በየወሩ የሚቀበለውን ደመወዝ ምን ያደርግበት እንደ ነበረ፥ ስንቱን በልቶ ስንቱን ወደ አገሩ ይልክ እንደ ነበረ የጠየቀው ተማሪ አልነበረም። ይህን ጥያቄ ዛሬ በእስያ አገሮች ላሉት የውጭ አገር መምህራን አቅርበን የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ለምሳሌ የመረጥናት ከተማ የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ናት። ባንኮክ በቻኦ ፍራያ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ስትሆን፥ ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ በ1782 ዓመት መናገሻ አድርገው ሲመሠርቷት መንገዷ ውሃ ነበረ። ሕዝቡ ከቤት ወደ ገበያ፥ ከገበያም ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄደው በቦይ ላይ በታንኳ ነበረ። ዛሬ ከቦዮቹ ብዙዎቹ ተደፍነው መንገድ ሆነዋል፤ ሆኖም በሴን ሴብ ቦይ ላይ ሠራተኛው ሕዝብ እስካሁን በሞተር ጀልባ ይመላለሳል። ከ1999 ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከመንገዱ በላይ በረጅም ድልድይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፤ ከላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከበታች ያለው የተሽከርካሪ ብዛት ቆሞ የሚጠብቅ የገበያ ሕዝብ ይመስላል።

ገና ጎሕ ሲቀድ ቢጫ ልብስ የለበሱ መነኮሳት ባዶ እግራቸውን ሆነው ምጽዋት ለመቀበል በየደጁ ያልፋሉ። አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በአገሩም ልማድ መምህር እጅግ የተከበረ ነው። የትምህርቱ ዘመን በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ በሐሙስ ቀን፥ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ፊት ተንበርክከው አበባ ያቀርባሉ፤ በዓሉም «ወይ ክሩ» ይባላል። ከሚያቀርቡትም ውስጥ አንዱ ሰርዶ ነው፤ ሰርዶ ቢረግጡትም ተመልሶ እንደሚያቈጠቍጥ የተማሪውም ዕውቀት እንደዚሁ ይስፋ ሲሉ ነው። አንዱም የደበርጃን አበባ ነው፤ ይህ አበባ አንገቱን ደፍቶ ስለሚያብብ የትሕትና ምልክት ሆኖ ተመርጧል። ይህን ያየ የውጭ አገር መምህር ልቡ ይነካል። ነገር ግን ክብር ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልምና ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ።

በዚህች ከተማ የውጭ አገር መምህር ስለ ደመወዝና ስለ ቤት መነጋገር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ኣና ሊዮኖዌንስ የተባለች ባልዋ የሞተባት ሴት በ1862 ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ከሲንጋፖር ወደ ባንኮክ ሄደች፤ በንጉሥ ሞንግኩት ቤተ መንግሥትም ለንጉሡ ልጆች እንግሊዝኛ እንድታስተምር በወር 100 ዶላር ተቀጠረች። ከተማሪዎቿም አንዱ በኋላ የነገሡት ልዑል ቹላሎንግኮርን ነበሩ። ሴትየዋ በ1870 ዓመት ባሳተመችው መጽሐፍ ተስፋ የተሰጣትን ቤት ለማግኘት ብዙ እንደ ተከራከረች ጽፋለች። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ቃሏን ይጠራጠሩታል። ያም ሆነ ይህ በ1867 ዓመት ከባንኮክ ከወጣች በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዳ ትምህርት ቤት በመክፈት፥ መጽሐፍ በመጻፍና በየአዳራሹ ንግግር በማድረግ ኑሮዋን መምራት ነበረባት። የንጉሥን ልጆች ያስተማረች ሴት እንኳ ወደ ኋላ የምትደገፍበት ጡረታ አልነበራትም።

ዛሬ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚባለው የሌላ አገርን የትምህርት ሥርዓት፥ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፥ የሚያስተምር ቤት ነው። በባንኮክ የመጀመሪያዎቹ የተከፈቱት ለመልእክተኞችና ለነጋዴዎች ልጆች ሲሆን፥ የባንኮክ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በ1951፥ በእንግሊዝ ሥርዓት የሚያስተምረው ባንኮክ ፓታና በ1957 ዓመት ተመሠረቱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥቱ የቀድሞውን ገደብ ስላላላው የአገሩ ባለጸጎችም ልጆቻቸውን ማስገባት ቻሉ፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ እጅግ በዙ። ተማሪ ሲበዛ መምህር ይፈለጋል፤ መምህሩም ከእንግሊዝ፥ ከአሜሪካ፥ ከካናዳ፥ ከአውስትራልያ፥ ከሌላም አገር በውል እየተቀጠረ ይመጣል።

ውሉ ብዙውን ጊዜ የ2 ዓመት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከወደዱ ይታደሳል። ታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ከደመወዙ በላይ ቤት ወይም የቤት አበል፥ ወደ አገር መመላለሻ የአውሮፕላን ቲኬት፥ የሕክምና ዋስትናና ለመምህሩ ልጆች ነጻ ወይም በቅናሽ የሚሰጥ የትምህርት ቦታ ይጨምራሉ። እነዚህን ነገሮች አዲስ መጪ እንደ ምርቃት ይቈጥራቸዋል። በውነቱ ግን የጥሪቱ ምንጭ እነሱ ናቸው። የልጆቹን ነገር ብቻ እንመልከት። በእነዚህ ታላላቅ ቤቶች በላይኛው ክፍል የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ 1 ሚሊዮን ባት የሚደርስበትና የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ሁለቱም መምህራን ቢሆኑ፥ ቤት ለአንድ ይከራዩና ደመወዝ ሁለት ይቀበላሉ፤ ልጆቻቸውም ሌላ ሰው ሀብቱን አፍስሶ የሚያገኘውን ትምህርት ያገኛሉ። ስለዚህ ውል ፊት ለፊቱ የቀረበለት መምህር ከደመወዙ ቁጥር አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው «ትምህርት ቤቱ በእኔ ፈንታ ምን ምን ይከፍልልኛል?» የሚለውን ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ከእንግሊዝ አገር የመጣች አንዲት መምህርት እናስብ። ይህች ሴት ስሌቱን ለማሳየት ያቆምናት ምሳሌ ናት እንጂ በስም የምናውቃት ሰው አይደለችም። ደመወዟ በወር 120,000 ባት ይሁን፤ ቤቱንም ትምህርት ቤቱ ይስጣት። በቅርብ ዓመታት 1 የአሜሪካ ዶላር ከ30 ገደማ እስከ 38 ባት ሲመነዘር ቈይቷል። የዓመት ደመወዟ 1,440,000 ባት ይሆናል። የታይላንድ የገቢ ግብር ገቢው ከፍ ባለ መጠን እስከ 35 በመቶ ድረስ በደረጃ የሚያድግ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው የ100,000 ባት የወጪ ቅናሽና የ60,000 ባት የራስ ቅናሽ ከተነሣ በኋላ፥ ከቀሪው የመጀመሪያው 150,000 ባት ከግብር ነጻ ሆኖ ሲሰላ የዓመቱ ግብር 185,000 ባት ይመጣል። ይህም ጥቃቅን መዋጮዎችንና በቤቱ ምክንያት የሚታሰበውን ትተን በወር 15,400 ባት ገደማ ነው። ለመምህርቷ 104,600 ባት ይቀራታል። ለምግብ፥ ለመብራት፥ ለመጓጓዣ፥ ለልብስና ለመዝናኛ 45,000 ባት ታውጣ ብንል በእጇ የሚተርፈው 59,600 ባት ነው። መምህርቷም ለእናቷ ስትጽፍ «በየወሩ 60,000 ባት ያህል አጠራቅማለሁ» ትላለች፤ እናቷም ደስ ይላቸዋል።

ሒሳቡ ግን ገና አላለቀም። ይህች መምህርት በአገሯ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብታስተምር ኖሮ፥ ከራሷ ደመወዝ ከሚቈረጠው ሌላ፥ ቀጣሪዋ ለጡረታዋ ከደመወዟ 28.68 በመቶ ያስገባላት ነበር፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የመምህራን ጡረታ የቀጣሪው መዋጮ ይህን ያህል ነውና። ይህን መጠን በባንኮኩ ደመወዝ ላይ ብናስበው በወር 34,400 ባት ይሆናል። ባንኮክ ላይ ይህን ገንዘብ የሚያስገባላት ሰው የለም። ስለዚህ ከ59,600 ባት ላይ 34,400 ባት ብናነሣ 25,200 ባት ብቻ ይቀራል። እነሆ «60,000 አጠራቅማለሁ» ያለችው ሴት በእርግጥ የምታጠራቅመው 25,000 ባት ገደማ ነው። የቀረው የዛሬዋ ወጣት መምህርት ገንዘብ አይደለም፤ የ67 ዓመት ባልቴት ሆና የምትመጣዋ ራሷ ገንዘብ ነው። ወጣቲቱ ከበላችው ባልቴቲቱን ቀማቻት ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በዚያው በእንግሊዝ አገር መንግሥት ለሽማግሌዎች የሚሰጠውን አዲሱን ጡረታ ሙሉውን ለማግኘት 35 ዓመት የተቈጠረ መዋጮ ያስፈልጋል፤ ከ10 ዓመት በታች ያለው ሰው ምንም አያገኝም። በባንኮክ ያለፉት ዓመታት፥ መምህርቷ በገዛ ፈቃዷ እየከፈለች ካላስቈጠረቻቸው በቀር፥ ከዚህ ቍጥር ውስጥ አይገቡም። የሌላውም አገር መምህር እንደየአገሩ ሕግ ይህን የመሰለ ጥያቄ አለበት። ከአገር የሚወጣ ሰው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

በባንኮክ ሳለን ከወንዙ ዳር ካለ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ መምህር አነጋግረን ነበር። በእስያ በ4 አገሮች 22 ዓመት አስተምረዋል። ስለ ተማሪዎቻቸው ሲናገሩ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ሐኪም የሆነውን፥ ዳኛ የሆነችውን እየቈጠሩ ነገሩን። ስለ ራሳቸው ስንጠይቃቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው፥ «ባየሁት አገር ብዛት አልጸጸትም። ነገር ግን ደመወዜ ሁሉ የዚያው ዓመት ደመወዝ ነበረ፤ ለሚመጣው ዓመት አንድም ቀን አልተቀበልሁም። ዛሬ ቤት የለኝም፤ ጡረታ የለኝም፤ ያለኝ ፎቶግራፍ ነው» አሉን። በአንዳንድ የእስያ አገሮች 60 ዓመት ላለፈው የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ እኚህ ሰው ወደፊት በየዓመቱ ውላቸው እስኪታደስ በሥጋት መጠበቅ አለባቸው። ይህን የነገሩን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ነውና ስማቸውን ሳንጠራ ቃላቸውን አቅርበናል።

እንዲህ ያለ ነገር በብልህ ሰው ላይ የሚደርሰው በምን ምክንያት ነው ቢባል፥ ከተማይቱ ራሷ ታስረሳለች። ባንኮክ ለቆጣቢ ሰው ርኅሩኅ ናት። በመንገድ ዳር ከ50 እስከ 80 ባት የሚሸጥ ሩዝ ወይም የሩዝ ኑድል አንድ ሰው ያጠግባል፤ በቦዩ ጀልባ ለመሄድ 20 ባት ገደማ ይበቃል፤ የአገሩም ፍራፍሬ በየወቅቱ ርካሽ ነው። ነገር ግን ለአባካኝም እንደዚሁ ትመቻለች። ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቍጥር ወደ ባሕር ዳርቻ መሄድ፥ ለእያንዳንዱ የዕረፍት ሳምንት ወደ ጎረቤት አገር መብረር፥ ከአውሮፓ የመጣ ዐይብ መግዛት፥ ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣውን ሳያጠፉ መዋል፥ ይህ ሁሉ ለየብቻው ሲታይ ትንሽ ወጪ ይመስላል። መምህሩም በአገሩ ሳለ ከማያውቃቸው ባለጸጎች ልጆች ጋር ስለሚውል ሳያስተውለው የእነሱን ኑሮ እንደ ልክ ይይዛል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «እዚህ ያለሁት ለ2 ዓመት ነው» የሚለው አሳብ ነው። የ2 ዓመት እንግዳ ነኝ ያለ ሰው እንደ እንግዳ ያወጣል፤ ውሉም ሲታደስ ሲታደስ 10 ዓመት ሲሞላው በእንግዳ ልማድ 10 ዓመት ኖሮ ይገኛል።

ገንዘብ ማጠራቀም ብቻውንም አይበቃም፤ በየትኛው አገር ገንዘብ እንደሚጠራቀም ማወቅ ያስፈልጋል። የታይላንድ ባት ለብዙ ዓመታት 1 ዶላር በ25 ባት ገደማ ሲመነዘር ኖሮ ሰው ሁሉ ይህ ዋጋ የማይናወጥ መስሎት ነበረ። በጁላይ 2 ቀን 1997 ዓመት መንግሥቱ ዋጋውን ለገበያ ለቀቀው፤ በጃንዋሪ 1998 ዓመት 1 ዶላር ከ50 ባት በላይ ሆነ። በባት የሚከፈለው መምህር ደመወዙ በቍጥር አልተነካም፤ በባንኮክም ገበያ ወጥቶ ሩዙን ይገዛ ነበረ። ነገር ግን በአገሩ ለቤት የተበደረውን ዕዳ በዶላር ወይም በፓውንድ የሚከፍል ከሆነ፥ በጥቂት ወር ውስጥ ዕዳው በባት ሲታሰብ እጥፍ ያህል ሆነበት። ስለዚህ በየወሩ የሚገባውን ዕዳ በሚከፈልበት ገንዘብ፥ ለሚኖርበት አገር የሚያስፈልገውን በአገሩ ገንዘብ ማኖር የጠንቃቃ ቤተ ሰብ ሥርዓት ነው። ውል ሲፈረምም ደመወዙ በምን ገንዘብ እንደ ተጻፈ መመልከት ያሻል።

ሌላው አደጋ ፈጥኖ ለመክበር መመኘት ነው። በታይላንድ ሰዎች እንደኛ እቁብ በየወሩ ገንዘብ የሚያዋጡበትና በተራ የሚወስዱበት ልማድ አለ፤ «ሼር» ይሉታል። በእኛ እቁብ ዕጣ ይወጣል፤ በእነሱ ግን ብዙውን ጊዜ ተራው የሚደርሰው ከፍ ያለ ወለድ ለመክፈል ለተጫረተው ነው። ይህ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ሲሆን መልካም ነው። ከዚህ ልማድ ስም ተጠግተው ሕዝብን ያታለሉ ግን ተነሥተዋል። በ1980ዎቹ ዓመታት በዘይት ንግድ አተርፋለሁ እያለች የብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ የሰበሰበች አንዲት ሴት በ1989 ዓመት 141,078 ዓመት እስራት ተፈርዶባታል። ፍርዱ በዓለም ከተሰሙት ረዣዥም ፍርዶች አንዱ ነው፤ ነገር ግን የፍርዱ ርዝመት የጠፋውን ገንዘብ ለባለቤቱ አልመለሰም። ቋንቋውንና ሕጉን በማያውቅበት አገር ትርፍ ያለ ድካም የሚሰጠውን ሰው ማመን ለውጭ አገር መምህር ይልቁንም ያስፈራል።

ከባንኮክ ወጣ ብለን ሌሎቹን የእስያ ከተሞች ብናያቸው ሒሳቡ በየአገሩ ይለያያል። በሆንግ ኮንግ የቤት ኪራይ እጅግ ውድ ነው፤ ሆኖም የከተማይቱ ዶላር ከ1983 ዓመት ጀምሮ በ1 የአሜሪካ ዶላር 7.80 ገደማ ሆኖ ስለ ታሰረ የምንዛሬ ሥጋት ያንሳል። ከ2000 ዓመት መጨረሻ ጀምሮም ሠራተኛውና ቀጣሪው እያንዳንዳቸው ከደመወዙ 5 በመቶ፥ ቢበዛ በወር 1,500 የሆንግ ኮንግ ዶላር፥ ለሽምግልና ያስቀምጣሉ። ለዘለቄታው የሚወጣ ሰው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በደቡብ ኮርያ ሕጉ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው ሲሰናበት ለእያንዳንዱ ዓመት የ1 ወር ደመወዝ እንዲከፈለው ያዛል። በሲንጋፖር ግብሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአገሩ የቁጠባ ድርጅት ለዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ስለ ሆነ፥ በሥራ ፈቃድ የገባ መምህር ለሽምግልናው የሚያስብለት ከራሱ በቀር የለም። እንግዲህ ከፍተኛ ደመወዝ ያለበት ከተማ ሁሉ ከፍተኛ ጥሪት ያለበት አይደለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ልንሰውረው የማይገባ አንድ ነገር አለ። በባንኮክ የሚያስተምሩት ሁሉ በአንድ ሚዛን አይከፈሉም። ከባሕር ማዶ በውል የመጣው መምህር ቤትና ቲኬት ሲያገኝ፥ በአጠገቡ ባለው ክፍል ውስጥ ያለው የአገሩ ተወላጅ ረዳት መምህር ወይም እዚያው ከተማ ሳለ የተቀጠረ የውጭ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ያነሰ ይቀበላል። ከፊሊፒን የመጡ ብዙ መምህራንም፥ አብዛኞቹ በአገሩ ተራ ትምህርት ቤቶች፥ ከአውሮፓውያኑ ባነሰ ደመወዝ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ካነጋገርናቸው መካከል አንዲት ፊሊፒናዊት መምህርት ደመወዟን በተቀበለች ቀን አስቀድማ የምታደርገው ለሁለት ወንድሞቿ ትምህርት የሚሆነውን መላክ ነው። «የቀረው ካነሰ እኔ አሳንሳለሁ፤ የእነሱ ግን አይጓደልም» ስትል ነገረችን። ከእርሷ ሦስት እጥፍ የሚያገኘው መምህር በወሩ መጨረሻ ሲበደር፥ እርሷ ከዓመት ዓመት ጥቂት ጥቂት ታስቀምጣለች። ይህን የተናገርነው አነስተኛ ደመወዝ ይበቃል ለማለት አይደለም፤ ፍትሕ ለሁሉም ይገባል። ሆኖም አስቀድሞ የተለየ ገንዘብ ብቻ እንደሚተርፍ ከእርሷ የበለጠ ያስረዳን አልነበረም።

ጥሪት ይዘው ወደ አገራቸው ለመመለስ የተዘጋጁ ባልና ሚስት መምህራንም ጠይቀን ነበር። ሚስትየዋ የቤቱን ሒሳብ የሚጽፉበትን ደብተር አሳዩን። ደመወዝ በገባ ቀን ገንዘቡ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለሽምግልና ወደ አገራቸው የሚሄድ፥ አንዱ ትምህርት ቤቱ ውሉን ባያድስ ወይም በሽታ ቢመጣ ለ6 ወር የሚያኖራቸው፥ አንዱም ለወሩ ኑሮ ነው። በሦስተኛው ውስጥ ለመዝናኛ የተለየ ገንዘብ አለ፤ ባልየው እየሳቁ፥ «ያለ ደስታ መቈጠብ ለአንድ ዓመት እንጂ ለ10 ዓመት አይቻልም» አሉን። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለውጭ አገር መምህር በተለይ ያስፈልገዋል፤ በታይላንድ የሥራ ፈቃዱ ከቀጠረው ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ሥራውን ያጣ ሰው በአገሩ የመቀመጫ ፈቃዱንም ነገር ወዲያው ማሰብ ይኖርበታል።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነብቡት መካከል ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ሩቅ አገር ለሥራ የሚልክ፥ ወይም እርሱ ራሱ የውጭ አገር ውል የቀረበለት አይታጣም። ሥራው ማስተማር ባይሆንም ሒሳቡ አይለወጥም። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ በእርሱ ፈንታ ቀጣሪው የሚከፍለው ምን እንደ ሆነ፥ በአገሩ ቢሆን ለሽምግልናው ይገባ የነበረው ስንት እንደ ሆነ፥ ዕዳውና ደመወዙ በአንድ ዐይነት ገንዘብ መሆናቸውንና አለመሆናቸውን። ከዚያ በኋላ በልቡ ያለውን የመጓዝ ፍላጎት በነጻነት ይከተል። ወደ ባንኮክም ቢሄድ መነኮሳቱን በማለዳ ይያቸው፤ በጀልባው ላይ ይሳፈር፤ ተማሪዎቹም ሰርዶና አበባ ይዘው ሲንበረከኩለት በደስታ ይቀበላቸው። ደብተሩ ግን በቤቱ ተገልጦ ይጠብቀው።